ያልለየለት ውጤት፤ ስለ ሄፓታይተስ ሲ የደም ምርመራ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በፊታችሁ የቆምነው የሕክምናና የላቦራቶሪ ሙያ የምንማር ተማሪዎች ነን። ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ደም ለመለገስ እጁን የዘረጋ ተማሪ ሁሉ፤ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የጤና ምርመራ ያደረገ ሰው ሁሉ ሊያጋጥመው የሚችል ነገር ነው። ይኸውም የሄፓታይተስ ሲ የደም ምርመራ ውጤት ነው።

ይህ ውጤት በወረቀት ላይ ተጽፎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ፖዘቲቭ» ወይም «ሪአክቲቭ» ይላል። ወረቀቱን የተቀበለው ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ራሱን እንደ በሽተኛ ይቈጥራል፤ ከጓደኞቹ ማዕድ ይሸሻል፤ ለእጮኛው ምን እንደሚላት ይጨነቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ምርመራ አድርጎ «ቫይረስ አልተገኘም» የሚል ሁለተኛ ወረቀት ሲሰጠው ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል። የዋሸው አንደኛው ወረቀት ነው ወይስ ሁለተኛው? እኛ የምንሰጠው መልስ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል የሚል ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ሄፓታይተስ ማለት የጉበት መቈጣት ማለት ነው። በአገራችን ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን ታይቶ «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ ይህ ስም ግን ልዩ ልዩ በሽታዎችን በአንድ ከረጢት የሚከት ነው። ኤ የተባለው በተበከለ ምግብና ውሃ ይተላለፋል። ሲ የተባለው ግን ዋና መንገዱ ደም ነው፤ ባልተመረመረ ደም፥ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያልፍ መርፌ፥ በምላጭ፥ ባልጸዳ መሣሪያ በሚደረግ ንቅሳትና ዋግምት፥ አንዳንድ ጊዜም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፥ በመተቃቀፍ፥ በመሳሳም፥ በአንድ ክፍል በማደር አይተላለፍም። ይህን በተለይ በተማሪዎች ማደሪያ የምንኖር ሁሉ እንድንይዘው ያስፈልጋል።

በዚህ ቫይረስ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ ዓይኑም ቢጫ አይሆንም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አገላለጽ ከተያዙት 100 ሰዎች 30 ያህሉ ያለ ምንም መድኃኒት በስድስት ወር ውስጥ ቫይረሱን ከሰውነታቸው ያስወግዱታል። በቀሩት 70 ውስጥ ግን በሽታው ሥር ይሰዳል፤ ከእነዚህም ከመቶው ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ጉበታቸው ጠጥሮ ሲሮሲስ የተባለው ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ከዚያም የጉበት ካንሰር ሊከተል ይችላል። ድርጅቱ ለ2022 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖራሉ። እንግዲህ ነገሩ ችላ የሚባል አይደለም፤ ያለ በቂ ምርመራ የሚያስደነግጥም አይደለም።

ምርመራው ለምን እንደዚህ የተወሳሰበ እንደ ሆነ ለመረዳት ታሪኩን መመልከት ይጠቅማል። በ1975 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ደም ከተሰጣቸው በኋላ ጉበታቸው የታመመ ሰዎችን ሲመረምሩ፤ የብዙዎቹ በሽታ ኤም ቢም እንዳልሆነ አረጋገጡ። ስም ስላልነበረው «ኤ ያልሆነ፥ ቢ ያልሆነ» ተብሎ ዐሥራ አራት ዓመት ቈየ። በ1989 ማይክል ሃውተን፥ ኪው ሊም ቹ፥ ጆርጅ ኩኦና የሥራ ባልደረቦቻቸው ቫይረሱን ለዩት። የለዩትም በማጉያ መነጽር አይተው አይደለም፤ በታመመ ቺምፓንዚ ደም ውስጥ ከነበረው የዘር ቅንጣት እየቈረጡ፤ የበሽተኛ ሰው ፀረ እንግዳ አካል የትኛውን ቁራጭ እንደሚይዝ በመፈተሽ ነበር። ስለዚህ ወዲያው የተሠራው ምርመራ ፀረ እንግዳ አካልን የሚፈልግ ሆነ፤ ከ1990 ጀምሮም በደም ባንኮች ሥራ ላይ ዋለ። ሃውተን ከሃርቬይ ኦልተርና ከቻርልስ ራይስ ጋር በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ፀረ እንግዳ አካል ማለት ሰውነታችን ወራሪን ለመከላከል የሚሠራው ነገር ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ የሚፈልገው ራሱን ወራሪውን አይደለም፤ ወራሪውን ለመዋጋት የተሰለፈውን ሠራዊት ነው። ሠራዊቱ ደግሞ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም አይበተንም፤ ለብዙ ዓመታት፥ ብዙ ጊዜም ለዕድሜ ልክ በደም ውስጥ ይኖራል።

ነገሩን በቤታችን ምሳሌ እናቅርበው። ወደ አንድ ጎጆ ገብተን በምድጃው ላይ አመድ ብናይ፤ እሳት ነዶ እንደ ነበረ እናውቃለን። እሳቱ ጨርሶ ጠፍቶ እንደ ሆነ ወይም ከአመዱ ሥር ተዳፍኖ እንዳለ ግን አመዱን በማየት ብቻ መናገር አይቻልም፤ መቈስቈስ ያስፈልጋል። ፀረ እንግዳ አካሉ አመዱ ነው፤ ቫይረሱ ረመጡ ነው። ምድጃውን የሚቈሰቍሰው ሁለተኛው ምርመራ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት፤ አር ኤን ኤ የተባለውን፤ በፒ ሲ አር ዘዴ የሚፈልገው ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቈጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2013 ባወጣው መመሪያ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው ሪአክቲቭ የሆነ ሰው ሁሉ የአር ኤን ኤ ምርመራ እንዲደረግለት አዟል። ከዚያ በፊት ሪባ የተባለ ማጣሪያ ምርመራ ነበር፤ እርሱም ራሱ ብዙ ጊዜ «አልለየለትም» እያለ መርማሪንም ተመርማሪንም ያስቸግር ነበር፤ አሁን ቀርቷል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንግባ። ሰውን ግራ የሚያጋቡት ውጤቶች በአምስት ይከፈላሉ።

አንደኛው፤ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶ ቫይረስ ያልተገኘበት ነው። ይህ ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ሰውየው አንድ ጊዜ ተይዞ ሰውነቱ ራሱ አሸንፎታል፤ ወይም በመድኃኒት ድኗል፤ ወይም ደግሞ ከቶ ተይዞ አያውቅም፤ ለሌላ ነገር የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ከመመርመሪያው ጋር ተጣብቆ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ሁልጊዜ ላይታወቅ ይችላል። ነገር ግን ለሰውየው ዋናው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ዛሬ በደሙ ውስጥ ቫይረስ አልተገኘም፤ ሕክምናም አያስፈልገውም። ምርመራውን መድገም የሚገባው ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ ለቫይረሱ ተጋልጦ ከነበረ፤ የጉበት ሕመም ምልክት ካለበት፤ ወይም የደሙ አያያዝ ካጠራጠረ ነው። አር ኤን ኤ በቀላሉ የሚፈርስ ስለ ሆነ ደሙ በጊዜው ካልተለየና በቅዝቃዜ ካልተያዘ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው፤ ውጤቱ «ነፃ» ሆኖ ሳለ ጥርጣሬ የሚቀርበት ነው። ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ የሚታየው ከተያዙ በኋላ ከ8 እስከ 11 ሳምንት ገደማ ቈይቶ ነው፤ አር ኤን ኤ ግን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ትናንት በመርፌ የተወጋ ነርስ ዛሬ የሚያገኘው «ነፃ» የሚል ወረቀት የሚመሰክረው ከመወጋቱ በፊት ስለ ነበረው ጊዜ ብቻ ነው። እንዲሁም የመከላከል ኃይላቸው የደከመ ሰዎች፤ ለምሳሌ ኤች አይ ቪ በጣም የጐዳቸው ወይም በኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ፤ ቫይረሱ እያለባቸው ፀረ እንግዳ አካል ላይሠሩ ይችላሉ። ለእነዚህ በቀጥታ አር ኤን ኤ መመርመር ይሻላል።

ሦስተኛው፤ በድንበር ላይ የቆመ ውጤት ነው። መሣሪያው የሚያወጣው ቁጥር ነው፤ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» የሚሉትን ቃላት የሚሰጠው ለቁጥሩ የተበጀለት ድንበር ነው። የማለፊያ ነጥብ 50 በሆነበት ፈተና 51 ያገኘና 49 ያገኘ ተማሪ በዕውቀት ብዙ እንደማይለያዩ ሁላችን እናውቃለን፤ አንዱ ግን «አለፈ»፥ ሌላው «ወደቀ» ይባላል። በደም ምርመራም እንደዚሁ ነው። ከድንበሩ በጥቂቱ ያለፈ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ከድንበሩ እጅግ ርቆ የወጣ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪው ቁጥሩን የሚጽፍ ከሆነ ቁጥሩን መጠየቅ መልካም ነው፤ ሆኖም ቁጥሩ ምንም ያህል ቢሆን ሁለተኛውን ምርመራ አያስቀርም።

አራተኛው፤ «ተገኝቷል፤ ነገር ግን ሊለካ አልቻለም» የሚለው ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በአንድ ሚሊ ሊትር ከ15 ዓለም አቀፍ አሐድ በታች የሆነውን በእርግጥ መቍጠር አይችሉም። ይህን ወረቀት ሰዎች «አልተገኘም» ከሚለው ጋር ያምታቱታል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በሕክምና መካከል ወይም ሰውነት ቫይረሱን በማስወገድ ላይ ባለበት ጊዜ እንዲህ ያለ ውጤት ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም የላቦራቶሪ ብክለት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ትዕግሥትና ሌላ ቀን የሚወሰድ ሌላ ደም ነው።

አምስተኛው፤ የሕፃናት ውጤት ነው። ፀረ እንግዳ አካል ከእናት ወደ ልጅ ስለሚያልፍ በሕፃኑ ደም ውስጥ የተገኘው የእናቱ ሊሆን ይችላል፤ ይህም እስከ 18 ወር ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ዕድሜ በፊት ፀረ እንግዳ አካል ተመርምሮ ሕፃን «ፖዘቲቭ» ቢባል ስለ ሕፃኑ የሚናገረው ነገር የለም፤ አር ኤን ኤ መፈለግ ወይም 18 ወር እስኪሞላው መጠበቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። የቫይረሱ ብዛት ከአንድ ምርመራ ወደ ሌላው ከግማሽ ሚሊዮን ወደ አንድ ሚሊዮን ቢወጣ በሽታው ባሰ ማለት አይደለም፤ ብዛቱ ጉበቱ ምን ያህል እንደ ተጐዳም አይናገርም። በተቃራኒው የጉበት ኤንዛይም ልክ ደኅና ሆኖ ሳለ ቫይረሱ ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱ ምርመራ የሚመልሰው የራሱን ጥያቄ ብቻ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሒሳብ የምታጠኑ ይህን ስሌት አብራችሁን ተከተሉ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። 10,000 ተማሪዎች ተመረመሩ እንበል። ከእነዚህ መካከል ከመቶ አንዱ፤ ማለት 100 ሰዎች፤ በእርግጥ ለቫይረሱ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል አላቸው። ምርመራው ከ100ው 98ቱን ያገኛል፤ በቀሩት 9,900 ላይ ደግሞ ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳሳታል። ይህ በጣም ጥሩ ምርመራ ነው። ነገር ግን ከ9,900 ከመቶው አንድ 99 ሰው ነው። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ከሚቀበሉት 197 ሰዎች 99ኙ ምንም የሌለባቸው ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ያው ምርመራ ከመቶ ዐሥሩ ፀረ እንግዳ አካል ባላቸው ሰዎች መካከል ቢደረግ ግን 980 እውነተኛና 90 ሐሰተኛ ይወጣል፤ ሐሰተኛው ከዐሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ወረቀቱ ያው ነው፤ ቃሉም ያው ነው፤ ትርጉሙን የለወጠው ሰውየው ከየትኛው ሕዝብ መካከል እንደ መጣ ነው። እንግዲህ ጥርጣሬ ሳይኖርባቸው ደም ለመለገስ በመጡ ጤነኛ ወጣቶች መካከል ሐሰተኛ ውጤት መብዛቱ የላቦራቶሪው ስንፍና ላይሆን ይችላል፤ የቁጥር ሕግ ነው።

በተግባር የታየውን ከፈለጋችሁ የዓባይን ውሃ ከእኛ ጋር የምትጠጣውን ግብፅን ተመልከቱ። ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በዚያ አገር ለቢልሃርዚያ በሽታ በመርፌ መድኃኒት ይሰጥ ነበር፤ መርፌዎቹ በሚገባ ሳይጸዱ ከሰው ወደ ሰው ስላለፉ ሄፓታይተስ ሲ በአገሩ ተሠራጨ። ከጥቅምት 2018 እስከ ሚያዝያ 2019 ድረስ መንግሥቱ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በሰባት ወር መረመረ። ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ሁለተኛው ምርመራ ከተደረገላቸው መካከል ግን ቫይረሱ የተገኘው ከመቶው በ76 ገደማ ብቻ ነበር። በሽታው በዚያን ያህል በተሠራጨበት አገር እንኳ «ፖዘቲቭ» ከተባሉት ከአራት አንዱ ቫይረስ አልነበረበትም ማለት ነው። ቫይረሱ የተገኘባቸው ደግሞ በነፃ ታከሙ። ግብፆች የመጀመሪያውን ወረቀት ሰጥተው ሰውን ወደ ቤቱ አለመስደዳቸው ለእኛ ትምህርት የሚሆን ነው።

መድኃኒቱም አለ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በገበያ ላይ በዋሉት አዳዲስ መድኃኒቶች ከታከሙት ሰዎች ከመቶው ከ95 በላይ ይድናሉ፤ ሕክምናውም ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚዋጥ ክኒን ነው። መዳኑ የሚረጋገጠው መድኃኒቱ ካለቀ 12 ሳምንት በኋላ አር ኤን ኤ ተመርምሮ ሲጠፋ ነው። የዳነ ሰው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ግን ከዚያም በኋላ «ፖዘቲቭ» እያለ ይኖራል፤ ስለዚህ መዳኑን የሚመሰክርለትን ወረቀት ሊያኖር ይገባዋል። መዳን እንደ ክትባት አይጠብቅም፤ እንደገና መያዝ ይቻላል፤ ለሄፓታይተስ ሲ የሚሆን ክትባትም የለም። መድኃኒቱን ከመጀመር በፊት ሄፓታይተስ ቢም መመርመር አለበት፤ ሲ ሲጠፋ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሣ ስለሚችል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። የደም ባንክ ሪአክቲቭ የሆነ ደም መጣሉ ተገቢ ነው። ደሙን የሚቀበለው ሕመምተኛ የመጠራጠር ዕድል አይሰጠውም፤ ስለዚህ በጥርጣሬ መጣል ይገባል። ነገር ግን በደሙ ላይ የሚሰጠው ፍርድና በለጋሹ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ልዩ ልዩ ናቸው። ለደሙ ጥርጣሬ ይበቃል፤ ለሰውየው ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። እንዲሁም ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን በሚደረግላቸው የጤና ምርመራ ውስጥ ሄፓታይተስ ሲ አለበት፤ ውጤቷ «ፖዘቲቭ» የሆነች ልጅ «ብቁ አይደለሽም» ልትባል ትችላለች። ከዚያ በኋላ ለጉዞው የተበደረችውን ገንዘብ እያሰበች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ስለ ጉዞዋ የሚወስነው ሌላ ይሁን፤ ስለ ጉበቷ ግን ማንም አልነገራትም። ቫይረሱ ካለባት ልትድን የምትችለውን በሽታ ይዛ ትቀመጣለች፤ ከሌለባት ደግሞ የሌለባትን በሽታ ስትፈራ ትኖራለች። ሁለቱም የሚያሳዝን ነው፤ ሁለቱንም የሚያስቀረው አንድ ምርመራ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ውድ መሆኑንና በየቦታው አለመገኘቱን አንዘነጋም። ሆኖም ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በአገራችን ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ፤ ለዚሁ የተሠራው ካርትሪጅ ከቀረበለት፤ የሄፓታይተስ ሲን አር ኤን ኤ መመርመር ይችላል። የጐደለው ሁልጊዜ መሣሪያው አይደለም፤ የመጀመሪያውን ወረቀት የሚሰጠው ክፍል ሁለተኛውን እንደ ራሱ ሥራ አለመቍጠሩም ጭምር ነው።

ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው። ውጤት የተሰጠው ሰው «የተመረመረው ፀረ እንግዳ አካሉ ነው ወይስ ቫይረሱ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የተመረመረበትንም ቀን በወረቀቱ ላይ ያስጽፍ። ሁለተኛው ምርመራ ቢቻል በዚያው በተቀዳው ደም እንዲደረግ ሐኪሙን ይለምን፤ ወረቀቶቹንም ሁሉ አንድ ላይ ያስቀምጥ። ጓደኞቹ የሆንን ደግሞ ማዕዳችንን ከእርሱ አንለይ፤ ምላጭ ግን ከማንም ጋር አንዋዋስ። ነገ ሐኪም፥ ነርስና የላቦራቶሪ ባለሙያ የምንሆን ተማሪዎች ደግሞ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል በሰው እጅ አስጨብጠን በሩን እንዳንዘጋበት ከአሁኑ እንማር። በግቢያችን ደም በሚለገስበት ጊዜ ለሚጠሩ ለጋሾች ሁለተኛው ምርመራ የት እንደሚደረግ የሚናገር ወረቀት አብሮ እንዲሰጣቸው ማኅበራችን እንዲጠይቅ እናሳስባለን፤ ወረቀቱን በማዘጋጀት በኩል እኛ ለመርዳት ፈቃደኞች ነን።

በምድጃው ላይ አመድ ያየ ሰው ቤቱ ተቃጠለ ብሎ አይጮኽም፤ እሳቱ ጠፍቷል ብሎም ዝም ብሎ አይተኛም። ቈስቍሶ ያያል።